ሰሚውንም ተናጋሪውንም

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ክፍሉ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዓይን ያቃጥላል፤ ጉሮሮ ይይዛል። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ምስማር ተነቅሎ በቀረው ቀዳዳ አንዲት የብርሃን ዘንግ ትገባለች። በባዶ ጆንያ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ በእኔ አሥራ ሁለት ሞላን።

ማንም «ማነህ?» አላለኝም። አንድ ጠና ያሉ ሰው ብቻ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አብሽር» አሉኝ። «ሽታው የዛሬ ነው። ነገ አይሸትህም።»

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ አልሸተተኝም። ከሁሉ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

የት እንዳለሁ የነገረኝ የለም። ያመጡኝ ሸራ በለበሰ መኪና ነው። ነገር ግን ከባድ መኪኖች ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል፤ አልፎ አልፎም ባጃጅ ይጮሃል። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ የሚወስደውን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ስመላለስበት ኖሬአለሁና፣ ከቤቴ ብዙ እንዳልራቅሁ በጆሮዬ አወቅሁ። ሚስቴ በእግሯ ልትደርስበት በምትችል ቦታ ተዘግቶብኝ መቀመጤ አንድ ጊዜ ያጽናናኛል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አንጀቴን ይበላዋል።

የያዙኝ ረቡዕ ጠዋት ከክፍል ነው። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ለዘጠነኛ ክፍል እያስተማርኩ ነበር። ርእሰ መምህሩ በመስኮት ጠሩኝ። ስወጣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። «ለጥቂት ጥያቄ ነው» አሉኝ። ርእሰ መምህሩ ጫማቸውን ያያሉ።

ያን ጊዜ ከፊት ለፊቱ ክፍል ወዳጄ ወጣ። እንደ እኔው የአማርኛ መምህር ነው። ወጣት ሳለን አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ድስት ሠርተን በልተናል። ሁለታችንም ካገባን በኋላ ደግሞ የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ስለዚህ አበልጄ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እዚህ የማንንም ስም አልጠራም። ጠመኔውንና የስም መጥሪያውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«ክፍሉን እኔ እሸፍንልሃለሁ» አለኝ። «ለሚስትህም እኔው እነግራታለሁ። አታስብ።»

ትከሻዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ያጽናናኝ ያ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂው ስሜን ጠርቶ ምግብና ጋቢ ሰጠኝ። ምግቡ የሚስቴ ነው። ጋቢውን ግን በጥለቱ አወቅሁት፤ የአበልጄ ነው። ጠባቂው «ብርድ እንዳይመታህ ነው ብለዋል» አለኝ። ያን ቀን ጋቢውን ተከናንቤ አለቀስኩ። ሰው አለኝ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ቦታ የለቀቁልኝ ሰው ሐይቅ ዳር ተወልደው ሐይቁ ላይ ያረጁ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። «የማታውቃቸውን ሁለት ሰዎች በታንኳ አሻግረሃል» ተብለው ነው የተያዙት።

«ባለ ታንኳ ተሻጋሪውን ‹የማን ወገን ነህ?› ብሎ ይጠይቃል እንዴ?» ይሉ ነበር። «እኔ የምጠይቀው ‹ዋና ትችላለህ ወይ?› ብዬ ነው።»

የቀኝ እጃቸው ጣቶች አብጠው ነበር። እንዴት እንዳበጡ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። እንጀራ እቆርስላቸዋለሁ። ለሶላት ሲነሱ ውዱእ እንዲያደርጉ ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፈስላቸዋለሁ። ጠርሙሱን ዝቅ አድርጌ፣ ጠብታ እንዳይባክን ቀስ ብዬ። «ጀዛከላህ፣ መምህር» ይሉኛል። ከዚያ ውጭ ብዙ አናወራም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ተጠራሁ።

የመርማሪው ክፍል የግብርና ባለሙያ ቢሮ የነበረ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ ጤፍ በመስመር ስለ መዝራት የሚያስተምር ፖስተር እንደተለጠፈ ቀርቷል። መርማሪው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ትሑት ነው፤ «ተቀመጥ፣ መምህር» አለኝ። አልጮኸብኝም። እስከ መጨረሻውም አልጮኸብኝም።

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ብለሃል?»

«ብያለሁ።»

ያልኩት በአደባባይ ነው፤ የሚካድ አልነበረም። ከመያዜ በፊት በነበረው ሳምንት መምህራንን አንድ የወረዳ ኃላፊ ሰብስቦን ነበር። ተማሪው ትምህርቱን እየጣለ ነው፣ ወላጁም እየተማረረ ነው፣ ጥፋቱ ከታች ነው፣ ከመምህሩ ነው አለን። ለሁለት ሰዓት ያህል ይህንኑ ደጋገመ። እኔ እጄን አወጣሁ። «እኛ የዓሣ አገር ሰዎች ነን፤ ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል» አልኩና ተቀመጥኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኃላፊውም ሳቀ። ስብሰባው በዚያው አለቀ፤ ነገሩም ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ምን ማለትህ ነው?» አለኝ መርማሪው።

«ተረት ነው። ሰው ጥፋቱን በሌላ ከማላከኩ በፊት ራሱን ይመልከት ማለት ነው። ልጆቼንም እንዲህ ብዬ አስተምራለሁ።»

ፋይሉን ገለጠ። ከላይ ያለውን ስም በመዳፉ ሸፍኖ ጥቂት አነበበና ቆም አለ።

«እዚህ ላይ ተረት አይልም። ብሂል ነው የሚለው። ብሂል ምንድን ነው? እኛ ቤት ተረት ነው የምንለው።»

 ሐይቅ ከተማ ውስጥ ብሂል የሚል ሰው ብዙ አይደለም። ገበሬው ተረት ይላል፤ ነጋዴው አባባል ይላል፤ ፖሊስ ጭራሽ ስም አይሰጠውም። ይህን ቃል አፉን ሞልቶ፣ እንደ ከረሜላ እያጣጣመ የሚናገር አንድ ሰው አውቃለሁ። በመምህራን ማረፊያ «ተረት አትበል፣ ተረት የልጆች ነው፤ ብሂል በል» እያለ ሲከራከረኝ ኖሯል።

አይሆንም አልኩ በልቤ። ቄስም ሊለው ይችላል፤ የደብተራ ልጅም ሊለው ይችላል።

«ቆይ፣ ትርጉሙን ጽፎታል» አለ መርማሪው። በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «‹ብሂል ማለት በአጭር ቃል ብዙ የሚናገር፣ ጨው ያለው፣ ሰሚውን የሚገሥጽ ንግግር ሲሆን ተጠርጣሪው ይህንኑ በመጠቀም...›» ቀና አለ። «ጨው ያለው ይላል። ደስ ይላል አይደል?»

ያ ዓረፍተ ነገር የእኛ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ተረትና ምሳሌ ከብሂል በምን እንደሚለይ ጠይቃን፣ አበልጄና እኔ ለዘጠነኛ ክፍል ማስታወሻ አዘጋጀን። እኔ ቤት ነበር፤ ያችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። «ጨው ያለው» የሚለውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመጨረሻዋ ሐረግ ግን የሱ ናት። እኛ የጻፍነው «ሰሚውንም ተናጋሪውንም የሚገሥጽ» ተብሎ ነበር። «ተናጋሪውንም» የምትለው ትቅር፣ ታረዝመዋለች ብዬ ስከራከረው እርሳሱን ነጠቀኝ።

«ተናጋሪውን ካልነካ ስድብ ነው» አለኝ። «ብሂል የሚሆነው ለራስህም ሲደርስህ ነው።»

እሱ አሸነፈ። እንዲያውም በማግስቱ ክፍል ገብቼ ያቺን ነገር የራሴ አስመስዬ አስተማርኳት።

አሁን መርማሪው ባነበበው ውስጥ «ተናጋሪውንም» የለችም።

የቀረውንም አነበበልኝ። «‹አናቱ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ሰብሳቢያችን ነዋ፣ ከሱም በላይ ያሉት ናቸው ሲል መልሷል።›» ይህንንም ብያለሁ። ያልኩት ግን በስብሰባው ላይ አይደለም። ከስብሰባው በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር፣ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በአንድ ሳህን እየበላን ነው። ከእኛ ሌላ ሰው አልነበረም። የጠየቀኝም እሱ ነው፤ አጥንት ከአፉ እያወጣ፣ እየሳቀ።

መርማሪው ውሃ ይሰጠኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ሰጠኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ጋቢውን አጣጥፌ ከበሩ አጠገብ አኖርኩት። ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ አዩኝ።  ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ሰው ሁሉ ላቡን እየጠረገ በተቀመጠበት ሰዓት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ አንተ ምን ብለህ ነው?»

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ሲስቁ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። የታችኛው ጥርሳቸው የለም።

«ይሄን ያለ ሰው ዓሣ ከፍቶ አያውቅም። ወላሂ፣ ዓሣ ከአናቱ አይገማም! ዓይኑ እያበራ፣ መተንፈሻ ስንጥቡ ገና ቀይ ሆኖ፣ ሆዱ ግን አልቆለት ታገኘዋለህ። ለዚህ አይደል ከውሃ እንደወጣ ሆዱን የምንከፍተው? ከሆዱ ነው የሚጀምረው።»

ሌሎቹም ሰምተው ሳቁ። አንዱ «ሰውዬው በውሸት ተረት ታሰረ!» አለ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ሽማግሌው የሚናገሩት ስለ ዓሣ ብቻ ነበር። ሁኔታዬን ሲያዩ ግን ያበጠውን እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

ነገርኳቸው። ቃሉን፣ ጨው ያለውን፣ የቅዳሜውን ሳህን፣ ጋቢውን።

«አበልጅህ?» አሉ። «ልጅ ያነሳልህ?»

«አዎ።»

«ይሄ በእኛም ዘንድ ከባድ ነው።»  «እሱስ? አንተ ያን ስትል እሱ ምን አለ?»

ይህንን እስከዚያ ሰዓት አላሰብኩትም ነበር። እኔ «ሰብሳቢያችን ነዋ» ስል አበልጄ እጁን በውሃ እየታጠበ፣ «ታዲያ የገማ አናት ተቆርጦ ነው እንጂ ታጥቦ ይድናል?» ብሏል። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። የእኔ ንግግር ወራት የሚያሳስር ቢሆን የሱ ዓመታት የሚያሳስር ነው። ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

«ታዲያ ስሙን ጥራ!» አሉኝ። «ይህችን ሽታ እሱም ይቅመሳት። የምን መሸሸግ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት በምን እንዳሳለፍኩ አልደብቅም። ዓረፍተ ነገሩን ሳጠና ነው ያሳለፍኩት። «አብሮኝ የነበረው ሰው ይቆረጥ ብሏል።» አጭር ነው፤ ምንም የጎደለው ነገር የለም። የምስማሯ ብርሃን ግድግዳውን ተሻግራ ወለል እስክትደርስ ድረስ በልቤ እደጋግመዋለሁ። ሚስቱን አስባለሁ፤ ትንሽ ያራራኛል። ጠመኔዬን ሲቀበለኝ አስባለሁ፤ ያ ሁሉ ይጠፋል። ትከሻዬን ሲመታ ያውቅ ነበር። «ክፍሉን እሸፍንልሃለሁ» ሲል ያውቅ ነበር። ይባስ ብሎ ብርዱ ሲጠናብኝ ጋቢውን መልሼ ለበስኩት። በሱ ጋቢ ሙቀት ቂሜን እያሞቅሁ ተቀመጥኩ።

በዘጠነኛው ቀን መርማሪው መልሶ ጠራኝ። ቃሌ ተጽፎ ቀርቧል፤ መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ።

«መምህር፣ ላግዝህ እፈልጋለሁ» አለኝ። «ይህን ስትናገር ብቻህን አልነበርክም። ሰው ለብቻው ዓሣ እየበላ አያወራም።» ፈገግ አለ። «ምስክራችን ‹እኔ ዝም ብዬ ሰማሁ› ይላል። እውነት ዝም ብሎ ነው የሰማው? የሱም ቃል ካለ ንገረኝ። ሸክሙ ለሁለት ይከፈላል፤ አንተም ቶሎ ቤትህ ትገባለህ።»

ማን እንደሆነ ማወቄን አውቋል። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠናሁት ነው፤ ፊደል አልጎደለውም።

ለምን እንዳልተናገርኩት እስከ ዛሬ በትክክል አላውቀውም። ደግነት አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት በልቤ ውስጥ ደግነት አልነበረም። የተቀመጥኩበት ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ስንቀሳቀስ ያዘነብላል። አበልጄም እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር አልኩ ለራሴ። እሱም ሲያዘነብልበት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይሆናል፤ «ላግዝህ እፈልጋለሁ» ተብሎ ይሆናል። በምን እንዳስፈራሩት አላውቅም። በምን እንዳባበሉትም አላውቅም። እሱ ያደረገውን እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ መድገም አስጠላኝ። ሌላ ምክንያት ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላገኘሁም።

«ዝም ብሎ ነው የሰማው» አልኩ።

መርማሪው ብእሩን አነሳ። «እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ብእሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ገፋው። አነበብኩት። የሆነውን ነው የሚለው። ትርጉሙ ግን እዚያም አለ፤ ከምስክሩ ቃል እንዳለ ተገልብጧል።

«አንድ ስሕተት አለ» አልኩት።

«ምን?»

«የብሂል ትርጉም ጎድሏል። ሳይሞላ አልፈርምም።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ስላልሳቅሁ ተወው። «ስንት ቃል ነው?»

«አንድ።»

«ለጉዳይህ የሚጠቅምህ አይመስለኝም።»

«ለጉዳዬ አይደለም። አማርኛ መምህር ነኝ። በስሜ የተሳሳተ ትርጉም እንዲወጣ አልፈልግም።»

በእጁ «ጻፈው» የሚል ምልክት ሰጠኝ። «ሰሚውን» ላይ «ም» ጨመርኩ። ከአጠገቡ ኅዳጉ ላይ፣ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አድርጌ፣ በሚነበብ እጅ «ተናጋሪውንም» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።  መርማሪው ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ በከንፈሩ አነበበው፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም እንደገና። 

ክፍሉ ስገባ ሽማግሌው ቀና አሉ። «ጠራኸው?»

«አልጠራሁትም።»

«ጅል ነህ» አሉኝ። ከዚያ በግራ እጃቸው ጋቢውን አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። «ልበሰው። ጋቢ ምን አደረገ?»

እሳቸውን ከእኔ በፊት ለቀቋቸው። እኔ ከሁለት ወር በላይ ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት፣ ክስ ሳይነበብልኝ፣ «ዕቃህን ያዝ» ተባልኩና አስፋልቱ ዳር ወጣሁ። ወደ ሐይቅ የሚወርድ ሚኒባስ ቆሞ ጫነኝ። ረዳቱ ሽታዬ ከብዶት መስኮት ከፈተ።

በማግስቱ ቤቴ በጠያቂ ሞላ። አበልጄም ከሚስቱ ጋር መጣ። አቅፎኝ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጋቢውን አሳጥቤ መለስኩለት። ሲቀበለኝ ዓይኔን አላየም። ያን ጊዜ ማወቄን ያወቀ ይመስለኛል። ሚስቴ ግን ዛሬም አታውቅም፤ ልጄም አያውቅም። የክርስትና አባቱን እንዲጠላ አልፈለግሁም። ወይም ደግሞ በእነዚያ ሦስት ቀናት ራሴ የሆንኩትን እንዳያይ ፈርቼ ይሆናል።

አሁን የማስተምረው ውጫሌ ነው። ዝውውሩን ራሴ ጠይቄ ነው። ብሂል የሚለው ትምህርት ሲደርስ አስተምራለሁ፤ ትርጉሙንም እንዳለ አጽፋለሁ። የሚገርመኝ ቃሉን አለመጥላቴ ነው። ሰውየውንስ? ይህን ጥያቄ ልቤ ሲያነሳብኝ ሌላ ነገር ማሰብ እጀምራለሁ። ይቅር የማለት ነገር አንድ ቀን ተነስቶ የሚሠራ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ጠዋት ተሠርቶ አገኘዋለሁ፤ ከሰዓት ፈርሶ ይቆየኛል።

ባለፈው ወር የቀድሞ ባልደረባችን እናት አርፈው ከሚስቴ ጋር ለቅሶ ሐይቅ ሄድን። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። እሱም ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ አበልጄ አንድ ነገር ሳይናገር አይቀርም፤ ሰው ይጠብቀዋል። አንድ ሽማግሌ፣ «በል እስቲ መምህር፣ እንደ ልማድህ አንዲት የምታጽናና ነገር ጣል አድርግልን» አሉት። ተነሳ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይኑ ድንኳኑን ሲዞር እኔ ላይ ደረሰ። አፉ ተከፍቶ ቆየ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም። የሚቀመጥበትን አጥቶ ግራ ሲገባው ፈቀቅ አልኩለት፤ አጠገቤ ተቀመጠ። በአንድ ሳህን ቀረበልን። በላን። 

ገና ሳይመሽ፣ ወደ ውጫሌ ስንመለስ፣ ሚስቴ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ እኔ ዞረች።

«ምነው አንተና አበልጅህ ዛሬ ያለ ተረት ዋላችሁ?»

«ደክሞን ነው» አልኳት።